የግራ እጅ ቋጠሮ

በትሬስ አሮዮስ ዳር፣ ከስንዴው ጎተራ፣
የፓምፓስ ነፋሱ ቆርቆሮ ሲያስጓራ፣
እሑድ አመሻሹ፣ ውድድሩ አብቅቶ፣
የጎማው ሽታ ግን ከሣሩ ተኝቶ፣
አንደኛ የወጣው የዳርኮ መኪና
ኮፈኑ ተከፍቶ፣ ሲተነፍስ ገና፣
ኦፌልያ መጣች፣ መነጽሯን ጠራርጋ፣
ሽቦና እርሳስዋን ከኪሷ ፈልጋ።

ግራኝ ናት ይህች ሴት። ሰዓት ሠሪ አባቷ
ቢመክር፣ ቢቆጣ፣ እምቢ አለው ጣቷ።
ሞተሩን ስታትም፣ ሽቦውን ስታስር፣
ከግራ ይነሣል የቋጠሮዋ ዙር፤
እንደ ልብ ትርታ፣ ማንም የማያየው፣
እሷም ሳትነግረን፣ እኛም መች ልንለየው።

ሌሊቱን ጋራዡ በሲክስቶ ተጠብቆ፣
ቁልፉ ካንገቱ ላይ እንደ ማተብ ወድቆ፣
ሰኞ ጧት ቢከፈት፣ ማኅተሙ በቦታው፤
እርሳሱም ሳይነካ፣ ቁጥሩም ያው በተርታው።
ቀለበቷም ልክ ናት፣ አየር የሚያልፍባት፤
ሠላሳ ሦስት ሚሊ፣ ፀጉር ሳይጨምርባት።

ከሳሹ ኤልቪዮ ከንፈሩን ነከሰ፤
«ትናንት በሰፊው ነው ይህ የተነፈሰ፤
በቀጥታው መንገድ፣ ሲያልፍ እየዘፈነ፣
ጆሮዬ ሰምቷል» ቢል፣ ጆሮን ማን አመነ።

ጉዳዩ ሊዘጋ፣ ያን ጊዜ ነው እሷ፣
ቋጠሮው ላይ ወርዶ፣ አጎንብሶ ራሷ፣
«ይህ ቀኝ እጅ ነው» አለች።
«እርሳሱ የኔ ነው። ቁጥሩም የኔ።
ቋጠሮው ግን የሰው።»

ሰብሳቢው ባሲልዮ ማቴ ሻይ መጠጠ፤
አንቀጹን በጣቱ ወርዶ ገለበጠ፤
«ቁጥሩ ከሆነ ልክ፣ እርሳሱም ከዳነ፣
ቋጠሮስ የት አገር ምስክር የሆነ?
ፎቶ አንሥተሽ ነበር?»
«የለም፣ አላነሣሁም።»
«ሲክስቶ፣ ሰው ገባ?»
«ከነፋስ በቀር ምንም አልሰማሁም።»
ይህን ሲል ሁለቱን አዲስ ጫማዎቹን
ከወንበር ሥር ሳበ፤ አጠፈ እግሮቹን።

እኔ ጸሐፊው ነኝ፤ ጫማውን አይቻለሁ፤
ቃለ ጉባኤው ላይ ሁሉን ጽፌያለሁ፤
«ይህ ቀኝ እጅ ነው» ያለችውንም ቃል
በሰማያዊ ቀለም፣ ከነጥቅሱ፣ በትክክል።

ማታ ባሲልዮ ቤቴ መጣ። ስለ ዝናብ አወራ።
ስለ ስንዴ ዋጋ። ስለ ሴት ልጄ ሥራ።
ሲወጣ፣ በሩን ይዞ፣
«በንጹሕ ስትገለብጠው» አለ፣ «ያቺ ዓረፍተ ነገር
ረዝማለች መሰለኝ። ገጹን ታበላሻለች። ብትቀር…»

ገለበጥኩት።
አዲስ ወረቀት፣ ያው ቀን፣ ያው ፊርማ፣ ያው ማኅተም፤
ሥራዬ ጥሩ ነው፤ ስፌቱ አይታይም።

ዋንጫው ጸና። ዳርኮ ያውቅ ይሆን?
ሃያ ያልሞላው ልጅ ነው፤ አቅፎት አየሁ ዋንጫውን፣
አራስ እንደሚታቀፍ፣ አንገቱን ደግፎ።
በነዳጅ ማደያው፣ በዳቦ ቤት ሰልፉ፣
ከተማው ተሰንጥቆ፣ ሁለት ሆኖ አፉ፣
ገሚሱ «እርጅና ነው፤ ዐይኗን ጋርዷት ነው» ሲል፣
ገሚሱ ያውቅና ስለ ስንዴው ያወራል።
ኤልቪዮ በዚያው ወር መኪናውን ሸጠ፤
ጆሮው ግን ገዢ አጣ፤ ከሱው ጋር ተቀመጠ።

በሳምንቱ መጣች፣ ልትፈርም። ቆማ አነበበች፤
እዚያ ስፍራ ስትደርስ ጥቂት ዘገየች፤
በጣቷ መስመሩን አንዴ ተመለሰችበት፣
ደረጃ ጎድሎበት እግሩ እንደሚፈልግ ሰው፣ በጨለማ ቤት።
ፊቴን አላየችም።
ብዕር የያዘውን እጄን አየች።
«አንተም ቀኝ እጅ ነህ» አለች።

ከዚያ በግራዋ ፈረመች፤ እንደ ግራኞች ሁሉ፣
መዳፏ ያልደረቀውን ቀለም ጎተተው፣
ከስሟ እስከ ገጹ ጠርዝ፣
ሰማያዊ፣ ረጅም፣ እንደ ፍሬን ምልክት።

መዝገቡ እኔ ዘንድ ነው።
ያቺን ጭረት አልገለበጥኳትም።